አምባዛና ዘመዶቹ በአንድ ገንዳ

አሶሳ በሚገኘው ቤታችን፥ ከእንግዳ መቀበያው ክፍል ጥግ አንድ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። ሊጠይቁን የሚመጡ ወላጆች ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ ይኸውም፥ «ጢም ያለው ዓሣ ሁሉ አምባዛ አይደለምን? ታዲያ ዘመዳሞች አብረው ቢኖሩ ምን ይጎዳቸዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል። እኛ ግን መልሱን የተማርነው ዓሦች ካለቁብንና አንድ ልጅ ካለቀሰብን በኋላ ስለሆነ፥ በዚህ ወር ነገሩን ከሥሩ አንሥተን ለቤተሰብ አንባቢዎቻችን ልናጫውት ወደድን።

ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል፥ አባቱ በዳቡስ ወንዝ ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ የበርታ ልጅ አለ። ይህ ልጅ አምና በሰኔ ወር፥ እያንዳንዳቸው የሰው ጣት የሚያህሉ ሦስት ትንንሽ ዓሦች በቢጫ ጀሪካን ይዞ ከደጃችን ቆመና፥ «ጋሼ፥ ሦስት አምባዛ አመጣሁልዎ» አለን።

ገንዳችን ርዝመቱ አንድ ሜትር፥ ወርዱ 40፥ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 200 ሊትር ይይዛል። (አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፥ ገንዳ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የጠረጴዛውን እግር ይመርምር።) በዚያን ጊዜ በውስጡ ከአዲስ አበባ ያስመጣናቸው፥ ኮሪዶራስ የሚባሉ ስድስት ባለጢሞች ነበሩ። እነዚህ ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የተገኙ፥ ካደጉ በኋላ እንኳ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የማያልፉ፥ የወለሉን አሸዋ በአፋቸው እየፈተሹ ምግባቸውን የሚለቅሙ ጨዋ ዓሦች ናቸው። ልጁን አመሰገንነው፤ የጀሪካኑንም ውሃ ከገንዳው ውሃ ጋር ቀስ በቀስ ካለማመድን በኋላ፥ ሦስቱን እንግዶች ከስድስቱ ጋር ቀላቀልናቸው። ዘጠኙም በአንድ የእንስራ ገል ሥር ተኮልኩለው ባየን ጊዜ፥ ሰላም የሰፈነ መሰለንና ደስ አለን።

ከጥቂት ቀን በኋላ የልጁ አባት ለገበያ ወደ ከተማ መጥተው ኖሮ ቤታችን ገብተው ቡና ጠጡ። ገንዳውን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ሳቁና፥ «መምህር፥ ልጄ አሞኝቶዎታል፤ አምባዛው አንዱ ብቻ ነው» አሉን። ቀጥለውም እየጠቆሙ አንዱን ሻል፥ አንዱን ዶክማክ ብለው ጠሩልን፤ ስሞቹ በዓባይ ዳር ዐረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሚታወቁ ናቸው።

እርሳቸው እንዳስረዱን፥ እኛም ኋላ ከመጻሕፍት እንዳመሳከርነው፥ ልዩነቱን ለማወቅ የሊቅ ዓይን አያስፈልግም። አምባዛ ራሱ ጠፍጣፋ፥ ጅራቱ ክብ ሆኖ፥ በጀርባው ላይ አንድ ረጅም ክንፍ ከራሱ ኋላ ተነሥቶ እስከ ጅራቱ አጠገብ ይዘልቃል፤ ጢሙም ስምንት ነው። ሻል ራሱ እንደ ራስ ቁር በጠንካራ አጥንት የተሸፈነ ሲሆን፥ በጀርባውና በሁለት ጎኑ ወፍራም እሾህ አለው፤ የታችኛው መንጋጋው ጢሞች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ከውሃ ሲወጣም የጎኑን እሾህ ከመጋጠሚያው ጋር እያፋጨ ይጮኻል። ዶክማክ ጅራቱ እንደ መንታ መንገድ የተከፈለ፥ የላይኛው ጢሙ እጅግ የረዘመ፥ በጀርባው ላይ ከፊተኛው ክንፍ በስተኋላ ሌላ ሥጋማ ክንፍ ያለው ነው። አራተኛም ዘመድ አላቸው፤ እርሱ በመልኩ አምባዛን ቁርጥ ሆኖ ሳለ፥ በአጭሩ የጀርባ ክንፉና በጅራቱ መካከል እንደ ዶክማክ ያለ ሥጋማ ክንፍ ስላለው ይለያል። ይህኛው በዓባይ ተፋሰስ አድጎ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ብዙ ሰው ግን አምባዛ ብሎ ነው የሚሸጠው።

የሳይንስ ሊቃውንትም ሁለቱን ስሞች የወሰዱት ከወንዙ ዳር ሰዎች አፍ ነው። ዶክማክ የሚለው ስም፥ በግብፅ ተዘዋውሮ ካጠና በኋላ በ1763 እ.ኤ.አ. በየመን ያረፈው የስዊድን ሊቅ ፎርስኮል፥ ከሞተ በኋላ በ1775 በታተመ መጽሐፉ የተመዘገበ ነው፤ ሻልም በ1801 እንዲሁ በሳይንስ መጽሐፍ ገባ። አምባዛ ግን በሳይንስ የሚጠራው፥ በርቸል የተባለው እንግሊዛዊ በ1822 በሰየመው፥ ከደቡብ አፍሪካው የጋሪፕ ወንዝ በተወሰደ ስም ነው። የዳቡስ ዓሣ በሌላ ወንዝ ስም ሲጠራ ለእኛ ጥቂት ይከነክነናል። ያም ሆነ ይህ፥ የባለጢሞች ክብር ጥንታዊ ነው፤ ከ5,000 ዓመታት በፊት የግብፅ ንጉሥ የነበረው የናርሜር ስም ሲጻፍ የመጀመሪያው ምልክት የባለጢም ዓሣ ሥዕል ነበረ።

እንግዲህ ጢም ያለው ሁሉ ባሕታዊ እንዳልሆነ፥ ባለጢም ዓሣም ሁሉ አንድ አይደለም። በዓለም ላይ ከ3,000 የሚበልጡ ዝርያዎች ሲኖሩ፥ በእኛ ገንዳ ውስጥ የተሰበሰቡት አራት ዓይነቶች እንኳ ከአራት የተለያዩ ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ያነሡብንን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። «ቅርፊት የሌለው ዓሣ በኦሪት የተከለከለ አይደለምን? እንዴት ከቤታችሁ አስገባችሁት?» አሉን። በእርግጥም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተጻፈው ሕግ ከውሃ ፍጥረት ክንፍም ቅርፊትም ያላቸውን ለመብል ይፈቅዳል፤ ባለጢሞች ደግሞ ክንፍ እንጂ ቅርፊት የላቸውም። ስለዚህ በጣና ዙሪያ ብዙ ክርስቲያኖች አምባዛን ከገበታቸው ያርቁታል። ይሁን እንጂ ሕጉ የተነገረው ስለ መብል ነው፤ እነርሱም በዕለተ ሐሙስ ከውሃ ተገኝተው የተባረኩ ፍጥረታት ስለሆኑ፥ በመስታወት አኑሮ ማየት ነውር አይሆንም ብለን መለስንላቸው። ቅርፊት ማጣታቸውም ለጠባቂያቸው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ገላቸው ራቁቱን ስለሆነ፥ ለሌሎች ዓሦች የሚታዘዝ መድኃኒትና ጨው በሙሉ መጠን ቢጨመርባቸው ሊገድላቸው ይችላል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሐምሌና ነሐሴ በሰላም አለፉ። በመስከረም ከስድስቱ ኮሪዶራስ አንዱ ጠፋ። ገንዳው ክዳን ስላልነበረው፥ ዘሎ ወድቆ ይሆናል ብለን ከቁም ሣጥን ሥር ሳይቀር ፈለግን፤ አጣነው። ሁለተኛው በጠፋ ጊዜ በጎረቤታችን ድመት ላይ ፈረድን፤ ይህንንም ለባለቤቷ ነግረን ስለነበር ኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደናል። ቀን ቀን ስንመለከት ሁሉም ከገሉ ሥር ጸጥ ብለው ተኝተዋል። ባለጢሞች የሌሊት ፍጥረት እንደሆኑ በመጽሐፍ አንብበን ሳለ፥ መብራቱን አጥፍተን ከተኛን በኋላ በዚያ መስታወት ውስጥ ምን እንደሚደረግ አንድ ሌሊት ስንኳ ነቅተን አላየንም።

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ዶክማኩን በውሃው ላይ ተንሳፎ አገኘነው። አንድ ስንዝር ያህል አድጎ ነበር። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ከጉሮሮውም የኮሪዶራስ ጅራት ይታያል። ኮሪዶራስ ትንሽ ቢሆንም፥ ሲያዝ የጀርባውንና የጎኖቹን እሾህ ዘርግቶ እንደ በር መቀርቀሪያ ይቆልፈዋል፤ የዋጠው ዓሣም ወደ ውስጥ ሊያስገባው ወይም ወደ ውጭ ሊተፋው አይችልም። እንዲህ ተያይዘው ሁለቱም ሞቱ።

ልጁ ከትምህርት በኋላ መጥቶ አየ። ከሰኔ ጀምሮ ምስጥ እየለቀመ የቀለበው ዓሣ ነበርና አለቀሰ። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃም፥ «ጋሼ፥ ጥፋቱ የማን ነው? የዶክማኩ ነው ወይስ የትንሹ?» ብሎ ጠየቀን። በክፍል ውስጥ ለጥያቄ ሁሉ መልስ የማናጣ የሚመስለን እኛ ጥቂት ዝም አልን። ዶክማክ ዓሣ በል ሆኖ ተፈጥሯል፤ በላ። ትንሹም እሾህ ተሰጥቶታል፤ ዘረጋው። አንዱን ከዳቡስ፥ ሌላውን ከባሕር ማዶ አምጥተን በአንድ ሜትር መስታወት ውስጥ ያገናኘናቸው እኛ ነን። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አባትህ ስማቸውን በነገሩን ቀን ልንለያቸው ይገባን ነበር» አልነው።

ስለዚህ ባለጢሞችን በአንድ ገንዳ ማኖር የሚፈልግ ቤተሰብ ከዘመድነታቸው ይልቅ የአፋቸውን ስፋትና ወደፊት የሚደርሱበትን ቁመት አስቀድሞ ይጠይቅ። ባለጢም ዓሣ በአፉ የሚገባለትን ሁሉ፥ ወንድሙንም ቢሆን፥ በሌሊት ይውጣል። ዛሬ ጣት የሚያህለው አምባዛ በምቹ ስፍራ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፤ 60 ኪሎ የሚደርስም አለ። ዶክማክም ከአንድ ሜትር ያልፋል። ሻል ከሁለቱ ያንሳል ቢባልም 40 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህን ቁመት ከገንዳችን ርዝመት ጋር ያስተያየ ሰው፥ ልጁ በጀሪካን ካመጣልን ሦስቱ ዓሦች አንዱም ለመቀበያ ክፍል እንዳልተፈጠረ ወዲያው ያስተውላል። ለገንዳ የሚመቹ ትንንሽ ባለጢሞች በናይል ተፋሰስም አሉ፤ ለምሳሌ በአፉ እንደ መምጠጫ ከድንጋይ ላይ የሚጣበቅ፥ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሆን ዝርያ ይገኛል። ነገር ግን እርሱ ከፈጣን ወራጅ ውሃ ተለይቶ መኖር ስለሚከብደው ለጀማሪ አንመክርም።

እኛ ብንጠየቅ፥ 200 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ከስምንት እስከ አሥር ኮሪዶራስና አንድ አንሲስትረስ ይበቃል እንላለን። ኮሪዶራስ ማኅበረኛ ነው፤ ከስድስት በታች ከሆነ ይሸማቀቃል፤ ጢሙ በሻካራ ጠጠር ስለሚላጥም ወለሉ ለስላሳ አሸዋ ይሁን። አንሲስትረስ 12 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፥ በመስታወትና በእንጨት ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ነገር የሚልስ ዓሣ ነው፤ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉ አንድ ብቻ ይኑር፥ የሚልሰውም የእንጨት ጉማጅ ይግባለት። እነዚህ ሁለቱ አንዱ የወለሉ፥ ሌላው የግድግዳው ስለሆኑ አይጋፉም፤ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሆነ ሙቀትም ለሁለቱ ይስማማል። ሻጩ «መስታወት ያጸዳልዎታል» ብሎ ሌላ ትልቅ ዝርያ ቢያቀርብላችሁ ግን እስከ ምን ያድጋል ብላችሁ ጠይቁ፤ አውራ ጣት አክሎ ተገዝቶ 40 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ አለና። ሻሎችን ብቻ በሰፊ ገንዳ ማኖር የሚሻ ሰው ደግሞ የመደበቂያው ቁጥር ከዓሦቹ ቁጥር አንድ ይብለጥ። ሦስት ሻልና ሁለት ገል ካለ ሌሊቱን ሁሉ ጠብ ነው፤ አራት ገል ሲሆን ይረጋጋሉ።

ስለ ውሃው የሚባለው ብዙ ነው፤ እኛ ዋናውን ብቻ እንናገራለን። የዓሣ ኩስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህን መርዝ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን በማጣሪያው ውስጥ ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ገንዳውን ቅዳሜ ገዝቶ እሑድ ዓሣ የሚሞላ ሰው፥ ሰኞ ሬሳ ቢለቅም አያጉረምርም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን መለወጥ ያሻል፤ የቧንቧውም ውሃ ክሎሪኑ እንዲበን በባልዲ ተከፍቶ አንድ ቀን ይደር። ባለጢምን በመረብ ማንሣትም አይገባም፤ እሾሁ ከመረቡ ይጠላለፋል፥ እጅንም ይወጋል፤ የአንዳንዶቹ እሾህ መርዝ ያለው ስለሆነ ያሳምማል። በጣሳ ወይም በትንሽ ሳፋ ይቀዳ።

መብራት በጠፋ ሌሊት የአየር መንፊያው ሲቆም የባለጢሞች ልዩነት እንደገና ይገለጣል። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ከአየር የሚተነፍስበት ሌላ ብልት ስላለው ወደ ላይ ወጥቶ ይጎርሳል፤ ሻል ግን እንዲህ ያለ ስጦታ የለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ የገንዳውን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ብዙ ነፍስ ያድናል። እኛ ይህን በሻማ ብርሃን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርገን እናውቃለን።

ምግባቸውም ወደ ወለል የሚሰጥም ሆኖ መብራት ከጠፋ በኋላ ይሰጣቸው፤ ቀን የተጣለ ምግብ ከገሉ ሥር ሳይደርስ ይበሰብሳል። በዚህ ነገር የመጨረሻ ልጃችን ባለፈው ጾመ ነነዌ አስቸግሮን ነበር። የነነዌ ሰዎች በጾሙ ጊዜ እንስሶቻቸውም አልጾሙምን፤ ታዲያ የእኛ ዓሦች ስለ ምን ይበላሉ ብሎ ተከራከረን። መጽሐፉን በሚገባ ሰምቷልና ልንቆጣው አልቻልንም። ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል እንደሚጠቅመው የዘርፉ ዐዋቂዎችም ይመክራሉ። ስለዚህ በቤታችን ዓሦቹ ዓርብ ዓርብ እንዲጾሙ ተወሰነ፤ ልጁም ክርክሩን ያሸነፈ መሰለው።

አሁን የቀረን ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከገንዳው በላይ ያደገ ዓሣ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። በጥር ወር ወደ ባሕር ዳር የምንሄድበት ጉዳይ ነበረን። በዚያ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ይህን ሰምቶ፥ «ሻሉን በባልዲ ይዛችሁ ኑና ጣና ላይ እንልቀቀው፤ በሰፊ ውሃ ይደሰት» ሲል በስልክ ነገረን። ቃሉ የደግነት ነበር፤ እኛም ባልዲውን እስከማዘጋጀት ደርሰን ነበር ብንል ሐሰት አይሆንም።

ከመንገዱ የመለሰን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከ40 ሜትር በላይ የሆነው ያ ገደል የጣናን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ለብዙ ሺህ ዘመን ለይቷቸዋል። ከፏፏቴው በታች ሻልም ዶክማክም አሉ፤ በጣና ግን ከባለጢሞች ወገን ያለው አምባዛ ብቻ ነው። በዚያ መለየት ምክንያት ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን በጣና ውስጥ ተባዝቶ፥ በሌላ በየትም የማይገኙ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ሆኗል። እግዚአብሔር በገደል የለየውን እኛ በባልዲ ብናገናኘው ምን እንደሚከተል ማን ያውቃል? በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ከተለቀቀ በኋላ፥ በዚያ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ትንንሽ ዝርያዎች በመቶ የሚቆጠሩት ጠፍተዋል። የእኛው አምባዛም ለእርባታ ተወስዶ ወደ ሕንድና ወደ ብራዚል ወንዞች አምልጦ ገብቷል፤ በዚያም እንደ ወራሪ ይቆጠራል።

«እንግዲያስ ወደ ዳቡስ ይመለስ» ያሉንም አሉ። ይህም ቀላል አይደለም። ሻሉና አምባዛው ከደቡብ አሜሪካ ዓሦች ጋር በአንድ ውሃ ኖረዋልና፥ ለዓይን የማይታይ በሽታ ተሸክመው ቢመለሱ ዳቡስ ወደ ዓባይ ያደርሰዋል። ዓባይም ዛሬ የቀድሞው ብቻ አይደለም፤ በጉባ የተሠራው፥ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ የጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘውን የንጋት ሐይቅ ፈጥሯል፤ ከእርሱም ዓሣ እያወጡ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። የእኛ የአንድ ባልዲ ስንፍና የእነርሱን እንጀራ ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱም ከእኛው ጋር ቀሩ። ለአምባዛው በግቢያችን ጥግ ሦስት ሜትር በሁለት የሆነ የሲሚንቶ ገንዳ አሠራንለት፤ አሁን ክንድ አክሏል። አምባዛ በዝናብ ሌሊት በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ የመሄድ ልማድ ስላለው፥ አንድ ሌሊት ከጓሮው ጎመን መካከል ካገኘነው ወዲህ በሽቦ ወንፊት ከድነነዋል። የተረፉት ኮሪዶራስ ለአንድ ባልንጀራችን ተሰጡ። ሻሉ በመስታወቱ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ለእርሱም ሰፋ ያለ ገንዳ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምን ነው።

ልጁ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ምስጥ ይዞ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ከደብተሩ ቅጠል ቆርጦ ከመስታወቱ ላይ አንድ ጽሑፍ ለጠፈ። ጽሑፉ በራሱ እጅ የተጻፈ ሲሆን፥ «ሻል። ከዳቡስ። እስከ 40 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋል። ከትንሽ ዓሣ ጋር አይገባም። ወደ ወንዝ አይመለስም» ይላል።